የዘይት ግፊቱ ሳይጎድል ፒስተን የሚነክስበት ምክንያት፦ ብልሹ የዘይት ፊልትሮ በከባድ መኪና ሞተር ላይ

የዘይቱ መጠንና ዓይነት እንዲሁም የግፊት መለኪያው ከነሽቦው አስቀድመው እንደተፈተሹ ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ ከዚያም በኋላ የብልሽት ምልክቱ ላልጠፋ ሞተር ነው።

ሞተሩ ካደረ በኋላ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ የሚንኳኳና የግፊት መብራቱ ለመጥፋት የሚዘገይ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ዘይት ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ) እንዳይመለስ የሚያግደው የፊልትሮው የጎማ ቫልቭ ደርቋል፤ ፊልትሮው ይቀየር። የፊልትሮው ቆርቆሮ ካበጠ ጥፋቱ የፊልትሮው ሳይሆን ተጣብቆ የቀረው የዘይት ፖምፓው ግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው። አዲስ ፊልትሮ እንደታሰረ ዘይት ከዳሩ የሚረጭ ከሆነ አሮጌው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) መቀመጫው ላይ ቀርቶ ሁለቱ ተደራርበዋል፤ ሞተሩ ወዲያውኑ ይጥፋ።

ደጋግሞ የሚያጋጥመው ችግር ግን ከእነዚህ የተለየ ነው። መኪናው ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በዘይት መሙያው በኩል የሚወጣው ትንፋሽ ይበረታል፤ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ይታያል፤ ዘይት ይጎድላል፤ የግፊት መለኪያው ግን ምንም እንከን አያሳይም። ሞተሩ ሲፈታ አንድ ወይም ሁለት ፒስተን ካሚቻውን (የሚመላለስበትን የሲሊንደር እጅጌ) ፍቆ ይገኛል፣ የቀሩት ጤነኛ ናቸው። በዚህ ጊዜ አብዛኛው መካኒክ ኢንጀክተሩን ይጠረጥራል፤ ኢንጀክተር ሲያንጠባጥብም ፒስተን ስለሚያበላሽ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ኢንጀክተሩ ተፈትሾ ጤነኛ ከሆነ ግን መልሱ የሚፈለገው ተነቅሎ ከተጣለው ፊልትሮ ውስጥ ነው።

በአብዛኞቹ የከባድ መኪና ናፍጣ ሞተሮች ከእያንዳንዱ ፒስተን ሥር ወደ ላይ ዘይት እየረጨ የፒስተኑን ራስ የሚያቀዘቅዝ አፈሙዝ አለ፤ ቀዳዳው ከጥቂት ሚሊሜትር አይሰፋም። የፊልትሮው ወረቀት ሲቀደድ ወይም ጫፉን የያዘው ሙጫ ሲለቅ፣ ቁርጥራጩ ከፊልትሮው ንጹሕ ወገን በቀጥታ ወደ ዋናው የዘይት መስመር ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚይዘው ሌላ ማጣሪያ የለም። መለኪያው የሚያነበው የዋናውን መስመር ግፊት በመሆኑ የአንድ አፈሙዝ መዘጋት አይታይበትም። ዘይት ያጣው ፒስተን በጭነት ሥር ግሎ ይሰፋል፣ ከካሚቻው ጋር የነበረውን ክፍተት ይጨርስና መፋቅ ይጀምራል።

ወረቀቱ የሚቀደድበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ዘይት በብርድ ሲወፍር ወይም ወረቀቱ ሲደፈን የሚከፈት ማለፊያ ቫልቭ በፊልትሮው ውስጥ ወይም በመቀመጫው ላይ ይገኛል። ቫልቩ በፊልትሮው ውስጥ ሲሆን፣ ለይስሙላ የተሠራ ፊልትሮ ስፕሪንጉ ከልክ በላይ ይጠነክራል ወይም ጨርሶ አይንቀሳቀስም። ሾፌሩ ሞተሩን እንዳስነሣ ነዳጅ ሲረግጥ ሙሉው የግፊት ልዩነት በወረቀቱ ላይ ያርፋል፤ ስስ የሆነው የመሐል ቱቦም ይጨረማመታል። የዘይት መቀየሪያ ጊዜ ማሳለፍና ወደ ዘይት የገባ ውኃ ይህን ያፋጥናሉ። ሣጥኑ የታዋቂ ብራንድ ስም ስላለበት ብቻ የሚተማመን ገዢ ሊያውቅ የሚገባው፣ ተመሳስሎ ለመሠራት ከሣጥን የቀለለ ነገር እንደሌለ ነው።

አንድ ሞተር አንድ ፒስተንና ካሚቻ ተቀይሮለት ከወጣ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በሌላኛው ሲሊንደር ነክሶ ተመለሰ። ባለቤቱ በመጀመሪያ ሠሪዎቹን፣ ቀጥሎ መለዋወጫውን ሲከስ ቆየ። ፊልትሮው ሲቆረጥ የወረቀቱ እጥፋት በመሐል ቱቦው ቀዳዳዎች ተጎልጉሎ ወጥቶ ነበር፤ የተረፈው ወረቀት በኮፓው ውስጥ የፖምፓውን መምጠጫ ወንፊት ሸፍኗል። በጥገናው ወቅት አዲስ ተብሎ የታሰረው ፊልትሮ የወጣው የቀድሞው ከወጣበት ከዚያው ካርቶን ነበር። ባለቤቱ ከዚያ በኋላም የቀሩትን ፊልትሮዎች ለሌላ መኪናው ለማሰር መጠየቁ የሚያስገርም ነው።

ስለዚህ ፊልትሮው ሳይቆረጥ ፒስተን አይታዘዝ። የሚቆረጠው በፊልትሮ መቁረጫ እንጂ በመጋዝ አይደለም፤ የመጋዝ ብናኝ ምርመራውን ያበላሻል። ወረቀቱ በሞርሳ ተጨምቆ እጥፋቱ በብርሃን ይታይ። ማግኔት የሚይዘው ብናኝ ከካሚቻ፣ ከፒስተን ቀለበት ወይም ከማርሽ ጥርስ ሊመጣ ይችላል፤ ነጭና ማግኔት የማይዘው ከፒስተን፣ መዳብ መሳዩ ደግሞ ከክራንክ ሻፍት ቤሪንግ ወይም ከቱርቦ ሊሆን ይችላል። የተለመደው የዘይት ናሙና ምርመራ የብረት ዓይነቶችን እንጂ የወረቀት ክርን ስለማያሳይ በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም።

መፍትሄው የተጎዳውን ፒስተንና ካሚቻ በመቀየር ብቻ አያበቃም። አፈሙዞቹ ሁሉ፣ ጤነኛ የሚመስሉትም ጭምር፣ ተነቅለው በአየር ይነፉ፤ ሽቦ መስደድ የመርጫ አቅጣጫቸውን ሊያጣምም ስለሚችል አይፈቀድም። የዘይት መስመሮቹ ይታጠቡ፣ ወንፊቱ ይጽዳ፣ የቱርቦው ዘይት ማስገቢያ ቱቦ ይፈተሽ። የዘይት ማቀዝቀዣው ብረት ብናኝ ካገኘው በማጠብ አይጸዳምና ይቀየር፤ በውስጡ የቀረው ብናኝ በኋላ እየተላቀቀ የታደሰውን ሞተር ይበላል። ተጠራጣሪ ካርቶን ካለ አንዱ ለምርመራ ይቆረጥና ሙጫው፣ የመሐል ቱቦውና ስፕሪንጉ ከትክክለኛው ጋር ይነጻጸሩ። አዲሱን ፊልትሮ በመሐል ቀዳዳው ዘይት መሙላት ያልተጣራ ዘይት ወደ ንጹሕ ወገን ማስገባት ነው።

ከጥገና በኋላ የታሰረው የመጀመሪያ ፊልትሮ መደበኛው የመቀየሪያ ጊዜ ሳይጠበቅ ቀደም ብሎ ይውጣና ይቆረጥ፤ የወረቀት ክር ወይም ብረት ከተገኘበት ምንጩ እስኪታወቅ ድረስ መኪናው ጭነት አይጫንበት።