ደሴ ላይ የዲኤንኤስ ቀለም አልወጣ ሲላችሁ

ከገብስ ብቅል ያወጣሁት አሚሌዝ (ስታርችን ወደ ስኳር የሚቆራርጥ ኢንዛይም) ምን ያህል እንደሚሠራ በዲኤንኤስ ዘዴ (የስኳርን መጠን በሚወጣው ቀለም በሚለካው) እየለካሁ ነበር። ቢጫው ሪኤጀንት ከስኳር ጋር ሲፈላ ወደ ቀይ ቡናማ መዞር አለበት። የኔ ግን ብርቱካናማ ላይ ይቆማል። ይባስ ብሎ ያው ናሙና ዛሬ ሌላ፣ ነገ ሌላ ንባብ ይሰጣል።

መጀመሪያ ሪኤጀንቱን ጠረጠርኩ። አዲስ በጥብጬ ብርሃን በማያስገባ ጠርሙስ አስቀመጥኩ። ለውጥ የለም። የግሉኮስ ስታንዳርዱን (መጠኑ የታወቀውን ማነጻጸሪያ) እንደ አዲስ ሠራሁ፤ እሱም ደብዛዛ ሆነ። (ፍንጩ እዚህ ነበር፤ ግሉኮስ ቀለም ለማውጣት ኢንዛይም አይፈልግም።) ኩቬቶቹን (ናሙናው ለንባብ የሚገባባቸውን ትንንሽ ብልቃጦች) አጠብኩ፣ ቀለሙን የሚያነበውን ስፔክትሮፎቶሜትር ዜሮ ላይ መለስኩ። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ የሚንተከተከው ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ከተትኩ። 92 ዲግሪ! ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ 100 ሳይደርስ ይፈላል። ፕሮቶኮሉ «5 ደቂቃ አፍላ» ሲል ግን 100 ዲግሪን አስቦ ነው። ኮምቦልቻ ወርዶ የሚሠራ ጓደኛዬ ትንሽ የተሻለ ቀለም የሚያገኘውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የሠራልኝ ይሄ ነው። ውሃው በደንብ ሲንተከተክ ቲዩቦቹን ከድናችሁ አስገቡና 15 ደቂቃ አቆዩ። ስታንዳርዱንና ብላንኩን (ስኳር የሌለበትን) ከናሙናው ጋር በአንድ ራክ፣ በአንድ ጊዜ አፍሉ። አብሮ ማፍላቱ ከደቂቃው ብዛት ይበልጣል፤ በትናንት ስታንዳርድ የተሠራ ከርቭ (ንባቡን ወደ ስኳር መጠን የምንቀይርበት መስመር) ለዛሬ ናሙና አይሆንም። ከዚያ በበረዶ ውሃ አቀዝቅዛችሁ በ540 ናኖሜትር አንብቡ።

መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ያንን ራክ ተዉትና ከመጀመሪያው ጀምሩ።