ቲሲፒን ከዳታ ሴንተር ከማስወጣታችሁ በፊት

ዳታ ሴንተር (ብዙ ሰርቨሮች የሚቀመጡበት ማዕከል) ውስጥ ቲሲፒን፣ ኮምፒውተሮች መረጃ ሳይጠፋ የሚለዋወጡበትን ፕሮቶኮል፣ የማያማ ባለሙያ ማግኘት ይከብዳል። ሐሜቱም እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 ደረጃው ሲወጣ፣ በአንድ አዳራሽ ተደርድረው በማይክሮሰከንድ የሚነጋገሩ ሰርቨሮች አልነበሩም። ዛሬ ለዳታ ሴንተር የተሻሻለው ቲሲፒ፣ ዲሲቲሲፒ አለ፣ አንዱ ማሽን የሌላውን ሜሞሪ በቀጥታ የሚያነብበትና የሚጽፍበት አርዲኤምኤ አለ፣ ቲሲፒን ለመተካት የተሠራው ሆማ አለ። ወደነሱ ሲሻገር ሰው የሚሰናከልባቸው ቦታዎች ግን ተመሳሳይ ናቸው።

ችግሩ የት እንዳለ ሳይለኩ መቀየር

አንድ የፍለጋ ጥያቄ መጣ እንበል። ተቀባዩ ሰርቨር ሥራውን ለ40 ሰርቨሮች ያከፋፍላል። አርባዎቹም መልሳቸውን እኩል ይልካሉ። ሁሉም የሚያልፈው ሰርቨሮቹን በሚያገናኘው መሣሪያ፣ በስዊቹ፣ አንድ ፖርት ነው። ባፈሩ (ፓኬቶች ተራ የሚጠብቁበት ሜሞሪ) ይሞላል፣ የተረፈው ፓኬት፣ ማለትም የመልሱ ቁራጭ፣ ይጣላል። የተጣለው የመልሱ የመጨረሻ ፓኬት ከሆነ ከኋላው የሚከተል ስለሌለ፣ ላኪው መጥፋቱን ቶሎ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የተመደበው ጊዜ እስኪያልቅ ይጠብቃል። በሊኑክስ የዚህ ጥበቃ ዝቅተኛ ልክ፣ ካልነካችሁት፣ 200 ሚሊሰከንድ ነው። የፓኬት ደርሶ መልስ 20 ማይክሮሰከንድ ከሆነ፣ 10,000 ምልልስ የሚያክል ጊዜ በከንቱ አለፈ ማለት ነው። ኬብሉ ባዶ፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት!

ለዚህ አዲስ ፕሮቶኮል ላያስፈልግ ይችላል። ሊኑክስ ይህን ልክ ለአንድ የተወሰነ መስመር ብቻ ዝቅ ማድረግ ይፈቅዳል። ዝም ብላችሁ ግን አትቁረጡት። ተቀባዩ የመድረስ ማረጋገጫውን 40 ሚሊሰከንድ ያህል ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ከዚያ በታች ስትወርዱ ያልጠፋ ፓኬት ደግማችሁ ልትልኩ ትችላላችሁ። ስትለኩም አማካዩን ተዉት። አማካይ ሁሌም ያማረ ነው። ጉዱ ያለው 99ኛው ፐርሰንታይል ላይ፣ ከመቶው እጅግ በዘገየው አንድ ጥያቄ ላይ ነው።

ዲሲቲሲፒን ከተራ ቲሲፒ ጋር በአንድ ወረፋ ማሰለፍ

ዲሲቲሲፒ በ2010 ይፋ የሆነ ብልህ ሐሳብ ነው። ስዊቹ ወረፋው አንድ አጭር ገደብ ሲያልፍ ፓኬት ከመጣል ይልቅ ምልክት ያደርግበታል። ላኪው ደግሞ ፍጥነቱን በግማሽ ከመቁረጥ ይልቅ ምልክት በተደረገባቸው ፓኬቶች መጠን ልክ ይቀንሳል። ሊኑክስ ውስጥ ስላለ በአንድ ትዕዛዝ ይበራል። ፈተናውም እሱ ነው።

ስዊቹ ምልክቱን የሚያደርገው ምልክት መቀበል እንደሚችል በሚያሳውቅ ፓኬት ላይ ብቻ ነው። ሌላው ፓኬት ያቺ አጭር ገደብ ስትታለፍ ይጣላል። ስለዚህ ተራው ቲሲፒ ይራባል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ግንኙነት የሚከፍተው የመጀመሪያው ፓኬት፣ ሲን የሚባለው፣ በተለምዶ ይህን ማሳወቂያ አይዝም። ውጤቱ ግራ ያጋባል፦ የተከፈቱት ግንኙነቶች ደህና ይሠራሉ፣ አዲስ መክፈት ብቻ አልሆን ይላል። ሰው ፋየርዎል ሲፈትሽ ይውላል። ሁለቱን በየራሳቸው ወረፋ ለዩአቸው። ከዳታ ሴንተር ወደ ኢንተርኔት ለሚወጣው ደግሞ ዲሲቲሲፒን አታብሩ። በ2017 የወጣው ሰነዱ ራሱ ያለ ተጨማሪ ጥንቃቄ እንዳይደረግ ይላል።

«ኤተርኔታችን ፓኬት አይጥልም» ብሎ መተኛት

አርዲኤምኤን በኤተርኔት ላይ የሚያስኬደው ሮኪ የሚባለው ፕሮቶኮል በተለመደው አዘረጋጉ ፓኬት እንዳይጠፋበት ይፈልጋል። ለዚህ ፒኤፍሲ የሚባለው ላኪን የማስቆሚያ ዘዴ ይበራል። ባፈሩ የሞላበት ስዊች ወደሱ የሚልከውን «ቁም» ይለዋል። የቆመውም በተራው ይሞላና የራሱን ላኪ ያቆማል። አደባባይ ላይ አንድ መኪና ሲቆም በየአቅጣጫው የሚመጣው ሁሉ እንደሚታሰረው ነው፤ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄደውም አይተርፍም። አንድ የተበላሸ የኔትወርክ ካርድ «ቁም» እያለ ካላባራ ችግሩ ብዙ ሰርቨሮች ጋ ይደርሳል። የማይክሮሶፍት መሐንዲሶች በ2016 እንዲህ ያለውን ማዕበልና ስዊቾች እርስ በርስ ተጠባብቀው የሚቆለፉበትን ሁኔታ በዝርዝር ጽፈውታል።

ካበራችሁት ለአንድ የትራፊክ ክፍል ብቻ ይሁን። ከልክ በላይ የቆመን ወረፋ የሚለቅ ዎችዶግ ስዊቹ ላይ ይኑር። ላኪው አስቀድሞ እንዲቀንስ የሚያደርገው ዲሲኪውሲኤንም አብሮ ይሥራ፤ ፒኤፍሲ የመጨረሻ መጠባበቂያ እንጂ የዕለት ተዕለት መቆጣጠሪያ መሆን የለበትም። በኔ እይታ የሚሻለው ፓኬት መጥፋቱን ተቀብሎ በፍጥነት የሚያገግም ፕሮቶኮል ነው። የአማዞን ኤስአርዲ እንዲህ ነው፤ ፓኬቶቹን በብዙ መንገድ ይበትናል፣ በቅደም ተከተል የማስረከብ ግዴታም የለበትም።

በሁለት ማሽን ሞክሮ መወሰን

ሁለት ሰርቨር፣ አንድ ስዊች፣ ምንም ግፊት የለም። እንዲህ ከሆነ ሁሉም ፕሮቶኮል ፈጣን ነው። ብዙ ላኪ ወደ አንድ ተቀባይ ልካችሁ፣ ትልቅና ትንሽ መልእክት ቀላቅላችሁ፣ መሀል ላይ አንድ ኬብል ነቅላችሁ ሞክሩ።

ፕሮግራሙን መርሳት

ኩዊክ የሚባለውን የድረ ገጽ ፕሮቶኮል ዳታ ሴንተር ውስጥ የሚያስገባም አጋጥሞኛል። ለኢንተርኔት ግሩም ነው፤ የአርባዎቹን ሰርቨሮች ግፊት ግን በራሱ አይፈታም።

ሆማ ይለያል። ከስታንፎርድ በ2018 የወጣ ነው። ማን መቼ እንደሚልክ በአብዛኛው የሚወስነው ተቀባዩ ሲሆን፣ ሊያልቅ ትንሽ የቀረው መልእክት ይቀድማል። ይህን ማድረግ የሚችለው መልእክቱ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ስለሚያውቅ ነው። ቲሲፒ ግን የሚያየው የማያቋርጥ የባይት ጅረት ብቻ ነው፣ ፕሮግራሞቻችንም የተጻፉት ለዚያ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ሶኬት (ከኔትወርኩ ጋር የሚገናኝበትን በር) ለመቀየር አትነሱ። አገልግሎቶቻችሁ እንደ ጂአርፒሲ ባለ ላይብረሪ የሚጠራሩ ከሆነ ለውጡን እዚያ አስገቡት። ከላይ ያለው ኮድ ብዙም ሳይነካ ይቀራል፣ ነገሩ ካልሆነም ወደ ቲሲፒ መመለሻው እዚያው ነው።