ለጓሮ ዶሮዎች መመገቢያና መጠጫ እንዴት ይመረጣል?

ለመጀመሪያዎቹ ዶሮዎቼ መኖ ያቀረብኩት በሳፋ ነበር። ገብተው ቆሙበት፣ ጫሩት፣ ኩሳቸውን ጣሉበት፤ ሲመሽ የመኖው ግማሽ ከጉዝጓዙ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። መመገቢያ ስትመርጡ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይኸው ነው፦ ዶሮዋ እግሯን ማስገባት ትችላለች ወይ?

መጠኑን አስሉ። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። ውሃው ከመኖው እጥፍ ገደማ ነው፤ ሙቀት ሲበረታ ግማሽ ሊትር ልትጠጣ ትችላለች። ለስድስት ዶሮ በሞቃት ቀን 3 ሊትር ያዙ።

መመገቢያውን ምረጡ። ረጅም ገንዳ ከሆነ ለእያንዳንዷ 10 ሴንቲ ሜትር ቦታ ይድረሳት፤ ከላዩም ስትቆምበት የሚሽከረከር ዘንግ ይኑረው። እኔ ግን የሚንጠለጠለውን ክብ መመገቢያ እመርጣለሁ፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ ከሆነ መኖ በመንቁር እየተጠረገ አይፈስም። ጠርዙ ከቆመች ዶሮ ጀርባ ጋር እኩል ይሁን። ዶሮዎቹ የተለያየ መጠን ካላቸው በትንሿ ለኩ። ገንዳ ከሆነ ከሲሶው በላይ አትሙሉት። ጉልበተኛ ዶሮ ካለች ደግሞ ሁለት መመገቢያ አራርቃችሁ አስቀምጡ፤ አንዱን ስትጠብቅ ሌሎቹ ከሌላው ይበላሉ።

መጠጫውን ራሳችሁ ከባልዲ ልትሠሩ ካሰባችሁ እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ባልዲው አፉ አጠገብ ይበሳል፤ ውሃው ከቀዳዳው በታች እስኪደርስ ይሞላል፤ ሰፊ ዝርግ ሳህን ይከደንበትና ይገለበጣል። ውሃው ሳህኑ ላይ ይፈስና ቀዳዳውን ሲሸፍነው አየር መግባት ስለማይችል ይቆማል። ዶሮዎቹ ሲጠጡ ቀዳዳው ይገለጣል፣ አየር ቡልቅ ብሎ ይገባል፣ ውሃ ይወርዳል።

ምስጢሩ ያለው ቀዳዳው ላይ ነው። ከሳህኑ ጠርዝ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። እኔ የሳህኑ ጥልቀት 4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ ቀዳዳውን ከባልዲው አፍ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ በሳሁት። ማታ ሞልቼ ተኛሁ፤ ጠዋት ባልዲው ባዶ፣ ጉዝጓዙ ጭቃ ሆኖ ጠበቀኝ። የረጠበ ጉዝጓዝ አሞኒያ ስለሚያመነጭ የዶሮዎቹን ዓይንና መተንፈሻ ያውካል፤ ስለዚህ ሁሉንም ዝቄ አወጣሁት። ቀዳዳው ልክ ቢሆንም ባልዲው ስንጥቅ ካለው ወይም ወለሉ ካዘመመ ያው ይፈስሳል። ዶሮ ቤት ከማስገባታችሁ በፊት ውጭ ጥቂት ሰዓት ሞክሩት። ሳህኑም በጡብ ላይ ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ ጭረው ይሞሉታል።

ኒፕል፣ ማለትም ዶሮዋ በመንቁሯ ስትገፋው ውሃ የሚያንጠባጥብ ትንሽ መጠጫ፣ ከሁሉም ንጹሕ ነው። አንገቷን ወደ ላይ ዘርግታ እንድትነካው ከጭንቅላቷ ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ችግሩ ሲደፈን በዓይን አይታወቅም፤ በየጠዋቱ እያንዳንዱን በጣት ጫን አድርጋችሁ ጠብታ መውጣቱን እዩ። ሁሉም ዶሮዎች መጠጣታቸውን በዓይናችሁ ሳታዩ አሮጌውን መጠጫ አታንሡ።

ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ቶሎ አረንጓዴ ስለሚያበቅል ጥላ ይፈልጋል። ውሃው ላይ አቸቶ የምትጨምሩ ከሆነ የብረት መጠጫ አትጠቀሙ፤ አሲዱ የዚንክ ልባጡን ይበላዋል። ከቆጡ ሥር ምንም አታስቀምጡ። የተረፈ መኖ ካለ ሲመሽ አንሥታችሁ ክዳን ባለው በርሜል ክተቱት፤ ሌሊት የሚመጡት አይጦች ናቸው።