እከክ የገባበትን ቤት በአንድ ሌሊት ማከም

በወሎ ደጋ፣ በደላንታም ሆነ በመቄት፣ ብርዱ ሲበረታ ሦስት አራት ልጆች በአንድ መደብ ላይ አንድ ጋቢ ለብሰው ተቃቅፈው ያድራሉ። ለእከክ ከዚህ የተመቸ ሁኔታ የለም። የበሽታው መንስኤ ርዝመቷ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የምታንስ ተባይ ስትሆን፣ ሴቷ እንደ ቁንጫ ነክሳ አትሄድም፤ የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ሰርስራ ትገባና በቀን 2 ወይም 3 እንቁላል እየጣለች እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ፣ ማለትም ለአንድ ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ፣ እዚያው ትኖራለች። ከሰው ወደ ሰው የምትሻገረው በአብዛኛው ቆዳ ከቆዳ ጋር ቆየት ብሎ ሲነካካ በመሆኑ፣ አብሮ የሚያድር ሁሉ ለበሽታው የተጋለጠ ነው። መድኃኒት ተቀብቼ አልሻለኝም የሚሉ ሰዎች ጠጋ ተብለው ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ የታከመው አንድ ልጅ ብቻ ሆኖ ይገኛል። እከክ የሚታከመው ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ሲታከም ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ በሽታው እከክ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ማሳከኩ ሌሊት፣ ሰውነት ሲሞቅ ይብሳል፤ ሽፍታውም በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በእምብርት ዙሪያ፣ መቀነት በሚያርፍበት ወገብ ላይ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ይበዛል። ልጁን ወደ ደጅ አውጥተው በቀን ብርሃን ጣቶቹን ፈልቀቅ አድርገው ቢመለከቱ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትረዝም፣ ቀጭንና ጠመዝማዛ፣ ግራጫ የመሰለች መስመር ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ተባይዋ የሄደችበት መንገድ እርሷ ናት። ጭርት ግን ክብ ሆኖ ጠርዙ ስለሚጎላ ከዚህ ይለያል። በሕፃናት ላይ ሽፍታው በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በራስ ቆዳ ላይ ጭምር ስለሚወጣ፣ ብዙ ወላጆች ሌላ በሽታ ይመስላቸዋል። ባለሙያ ሳያይ በየሱቁ የሚሸጠውን የስቴሮይድ ቅባት መቀባት ማሳከኩን ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ ተባይዋን አይገድልም፤ ምልክቱን ደብቆ ለሐኪሙም ያስቸግራል።

አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዝ ማሳከኩ እስኪጀምር ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም «እኔን ምንም አይበላኝም» የሚሉት አያት ተባይዋን ይዘው ሊሆን ስለሚችል፣ በአክብሮት አስረድቶ አብረው እንዲታከሙ ማድረግ ይገባል። በበግና በፍየል ላይ የሚታየው እከክ ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ ሰውን ለጥቂት ቀን ቢያሳክክም በሰው ቆዳ ላይ አይራባም።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ሰው የቤተሰቡን ቁጥር፣ የልጆቹን ዕድሜና ክብደት፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት መኖሯን ቢናገር መድኃኒቱ በልኩ ይሰጠዋል። በብዛት የሚታዘዙት 5 በመቶ ፐርሜትሪን ክሬም፣ 25 በመቶ ቤንዚል ቤንዞኤት፣ የድኝ ቅባትና በአፍ የሚወሰደው አይቨርሜክቲን ናቸው። አይቨርሜክቲን ክብደታቸው ከ15 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ልጆችና ለነፍሰ ጡሮች አይሰጥም። ቤንዚል ቤንዞኤት ያቃጥላል፤ ለልጆች መቅጠን ስላለበትም መጠኑን የሚወስነው ባለሙያው ነው። ላምባ ወይም የሰብል ፀረ ተባይ ሰውነት ላይ ማፍሰስ በቆዳ በኩል ሰውን ሊመርዝ ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

የታዘዘው ፐርሜትሪን ከሆነ አመቺው ጊዜ ማታ ነው። ሁሉም ገላውን ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆና ቀዝቀዝ ብሎለት፣ ክሬሙን ከአንገት እስከ ጥፍር ይቀባል፤ ለሕፃናት ዓይንና አፍ ሳይነካ ፊትና ራስም ይጨመራል። የሚያሳክከውን ቦታ ብቻ መቀባት ከንቱ ድካም ነው። ጥፍር ተቆርጦ ከሥሩ ጭምር መቀባት አለበት፤ ጀርባም የሌላ ሰው እጅ ይፈልጋል። ክሬሙ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ሰውነት ላይ መቆየት ስላለበት፣ በሙስሊም ቤተሰብ ከኢሻ ሶላት በኋላ ቢቀቡት ለፈጅር ውዱእ እስኪደረግ ጊዜው ይሞላል። በመካከሉ እጅ ከታጠበ ግን እጅን እንደገና መቀባት ያስፈልጋል። ጸበል የሚጠመቁ ሰዎችም ክሬሙ ጊዜውን ከጨረሰ በኋላ ቢጠመቁ አንዱ ሌላውን አያሰናክልም። ሁለተኛው ዙር ከ7 ቀን በኋላ፣ ሁሉም ሰው ቢሻለውም እንኳ፣ ይደገማል።

በማግስቱ ጠዋት ባለፉት ሦስት ቀናት የተለበሰና የተነጠፈ ጨርቅ በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ተባይዋ ከሰው ገላ ከወጣች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ ስለማትኖር፣ ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት መንደር ጋቢውን በላስቲክ ከረጢት ጥብቅ አድርጎ አስሮ ቢቻል ለሳምንት ማቆየት ይበቃል። የማይታጠቡት አጎዛና ጀንዲም ለዚያው ጊዜ ሰው ሳይተኛባቸው ይቆዩ። ቤቱን ማጠን ወይም ግድግዳውን መርጨት አያስፈልግም።

አብረው የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችና ደረሶች እንደ አንድ ቤተሰብ መቆጠር አለባቸው። ከመካከላቸው አንዱን አክሞ ወደዚያው ጎጆ መመለስ መድኃኒት ማባከን ስለሆነ፣ የኔታው ወይም ሸኹ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቢያሳውቁና ሁሉም በአንድ ማታ ቢታከሙ ይሻላል። በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኞ ድርቅ ጊዜ እከክ በአማራ ክልል ድርቅ በጎዳቸው ወረዳዎች በወረርሽኝ መልክ ሲስፋፋ ሕክምናው በጅምላ የተሰጠው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ከሕክምናው በኋላ ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቀጥል ይችላል፤ የሞቱት ተባዮች ቅሪት ቆዳውን ስለሚያስቆጣ እንጂ መድኃኒቱ ከሽፎ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ በራስ ውሳኔ ደጋግሞ መቀባት አይገባም። አዲስ መስመርና ሽፍታ ከታየ፣ ወይም ከአራት ሳምንት በኋላም ካልተወ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ነው። በጥፍር የተቧጨረው ቆዳ መግል ከያዘ በቁስሉ የገባው ባክቴሪያ ኩላሊትን እስከ መጉዳት ሊደርስ ስለሚችል፣ በተለይ የልጁ ፊት ካበጠ ወይም ሽንቱ ኮካ ኮላ ከመሰለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።