ውሃ ላይ የተነጠፈ የኦክታዴካኖል ሽፋን፦ የግፊት ኩርባው ሲበላሽ

ኦክታዴካኖል ባለ 18 ካርቦን ሰንሰለት አልኮል ነው፤ በገንዳ ውሃ ላይ በአንድ ሞለኪውል ውፍረት ይነጠፋል። ገፊ ዘንጎች ሽፋኑን ሲያጠቡት ግፊቱ፣ ማለትም ሽፋኑ የውሃውን የገጽ ውጥረት የቀነሰበት መጠን፣ የውሃውን ገጽ በምትነካ የተንጠለጠለች ሳህን ይለካል፤ የግፊት ኩርባው ይህን ግፊት ከአንድ ሞለኪውል ስፋት አንጻር ያሳያል። ከሁሉ በፊት አንድ ስሌት ይኑራችሁ። በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ኦክታዴካኖል ካለው የክሎሮፎርም ሙሙት 50 ማይክሮሊትር ስታነጥፉ፣ እያንዳንዱ ሞለኪውል 0.20 ካሬ ናኖሜትር ሲይዝ ሽፋኑ 223 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። “አዲስ ሁነት (አዲስ የሞለኪውሎች አደራደር) አገኘን” የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የሞለኪውል ቆጠራ ስህተት ነው።

ግፊቱ ሳይነሳ የአንድ ሞለኪውል ስፋት 0.17 ካሬ ናኖሜትር ደረሰ። ቀጥ ብሎ የቆመ የካርቦን ሰንሰለት ብቻውን ከ0.18 እስከ 0.19 ካሬ ናኖሜትር ይይዛል። በአንድ ንጣፍ ከዚያ በታች መጠቅጠቅ ስለማይቻል ሞለኪውል ጎድሏል ማለት ነው፤ ከፍ ብሎ የተንጠባጠበ ጠብታ ሰምጧል፣ ወይም ሙሙቱ ውስጥ ያልሟሟ ቅንጣት ቀርቷል። ጠብታዋን ከሲሪንጁ መርፌ ጫፍ ላይ አንጠልጥላችሁ ውሃውን እስክትነካ ብቻ አውርዱ። ቦታ እየቀያየራችሁ አዳርሱ፤ ክሎሮፎርሙ እስኪተን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ።

ኩርባው ወደ ሰፊው ጎን ሸሸ። ዳገታማው ክፍል ሳይቀር 0.22 ላይ ከዋለ፣ ክሎሮፎርሙ ከብልቃጡ ተንኖ ሙሙቱ ወፍሯል። መለያው፦ የስፋት ዋጋዎቹን ሁሉ በአንድ ቁጥር አባዙ። ከትክክለኛው ኩርባ ላይ ልክ ካረፈ ጥፋቱ የመጠን ነው፤ አዲስ ሙሙት መዝኑ። ካላረፈ ቆሻሻ ጠርጥሩ።

ባዶ ውሃ ላይ ግፊት ይታያል። ገፊ ዘንጎቹ ሲጠጉ ከ0.2 ሚሊኒውተን በሜትር በላይ ከተነሳ ገጹ ቆሽሿል። የቴፍሎን ገንዳውን በክሎሮፎርም ጥረጉ፣ ውሃውን ለውጡ፣ ዘንጎቹን አጠጋግታችሁ ገጹን ምጠጡ፣ ድገሙ። በ20 ዲግሪ የንጹህ ውሃ የገጽ ውጥረት 72.8 ሚሊኒውተን በሜትር ነው፤ ያነሰ ካነበበ የፕላቲኒየም ሳህኗን በእሳት አግሉ፣ ውሃ በደንብ አልያዛትም።

ዘንጎቹ ቆመው ግፊቱ ይወርዳል። በ5 እና በ40 ሚሊኒውተን በሜትር ለየብቻ ሞክሩ። በ40 ብቻ ከወረደ ሽፋኑ እየተደራረበ ክሪስታል እየሆነ ነው። በ5ም ከወረደ በዘንጎቹ ጠርዝ ይሾልካል። ባለ 14 ካርቦኑ አልኮል በቴትራዴካኖል ግን ዘንጎቹን አትውቀሱ፤ ሰንሰለቱ አጭር ስለሆነ ወደ ውሃውም ወደ አየሩም ያመልጣል።

ስብራቱ ደበዘዘ። ያጋደሉት ሰንሰለቶች ቀጥ ሲሉ ኩርባው ላይ ሹል ስብራት መታየት አለበት። ዘንጎቹ ከፈጠኑ ይጠፋል፤ በደቂቃ ከ0.01 ካሬ ናኖሜትር በሞለኪውል አትለፉ። ስብራቱ የሚወጣበት ግፊት ከሙቀት ጋር ስለሚቀያየር የውሃውንም ሙቀት ያዙ። ከስብራቱ ወዲያ ሽፋኑ ግትር ይሆናል፤ ሳህኗ ወደ ጎን ስትገፋ በዓይን ካያችሁ ያን ንባብ ጣሉት፣ ከሁለቱም ጎን እኩል እየገፋችሁ እንደገና ጀምሩ።