የመኪና ጣሪያ ጭረት ስታስጠግኑ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ አልጋ ጭነን መጣን። መኪናችን ፖርቶ መጋላ፣ ማለትም ጣሪያ ላይ የሚገጠም የዕቃ መጫኛ ብረት፣ አልነበራትም። ጣሪያው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈን አልጋውን በገመድ አሰርነው። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ስንደርስ ብርድ ልብሱ ሸሽቷል፤ ጣሪያው ላይ ክንድ የሚያህሉ ሦስት ጭረቶች ተጋድመዋል። በማግስቱ አንድ መኪና አጣቢ «አብሽር፣ አሁን ይጠፋል» አለኝና አቧራው ላይ ኮምፓውንድ የሚባለውን ጭረት መፈተጊያ ቅባት ቀብቶ በደረቅ ጨርቅ ፈተገው። ጭረቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ዙሪያቸው ግን ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጫጭን ጭረት ሞላው።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ ጭረቱን ሳይለዩ መፈተግ። የመኪና ቀለም አንድ ሽፋን ብቻ አይደለም። ብረቱ ላይ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ ሽፋን፣ አለ፤ ከሱ በላይ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያብረቀርቀው ክሊር። ክሊሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከፀጉር ዘለላ ይቀጥናል። ስለዚህ ጣሪያውን በደንብ አጥባችሁ ጭረቱ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉበት። እርጥብ እያለ ከጠፋ ጉዳቱ ክሊሩ ላይ ብቻ ነው፤ ፖሊሽ ይበቃዋል። ቀጥላችሁ ጥፍራችሁን ጭረቱን አቋርጣችሁ ሳቡት። ሳይይዘው ካለፈ እሰየው። ከያዘው ግን ፖሊሽ ብቻውን አያወጣውም፤ ቀለም መሙላት ሊያስፈልግ ነው። ብረት ከታየ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

አቧራውን ሳያጥቡ መጥረግም ያው ጥፋት ነው። የመንገዳችን አቧራ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ፤ ጨርቁ ስር ሲገባ ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። መጀመሪያ ውሃ በብዛት ልቀቁበት፣ ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ ተጠቀሙ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አይነካው።

ብርጭቆ ወረቀት የግድ ካስፈለገ ቁጥሩን እዩ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ወረቀቱ ይልማል። ለክሊር 2000 ወይም 3000፣ እሱም ውሃ እየነከሩ፣ በቀላል እጅ። 400 ይዞ የሚመጣ ሰው ካያችሁ አስቁሙት፤ እሱ ለስቱኮ፣ ማለትም ጎድጓዳ ቦታ ለሚሞላበት ልስን፣ ነው። ጣሪያ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ቦታ ስለሆነ ክሊሩ ቀድሞም ሳስቷል። ጠርዙና መታጠፊያው ላይ ደግሞ ቀለሙ ይበልጥ ቀጭን ነው፤ እነሱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኗቸው። የፖሊሽ ማሽንም አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ቀለሙን ያቃጥላል። በኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ፣ ጣሪያው እጅ በሚያቃጥልበት ሰዓት ይህን ሥራ አትጀምሩ።

ቀለም በዓይን መምረጥ ብዙ ሰው ያስቆጫል። «ነጭ ነው፣ ነጭ አምጣ» አይባልም። የነጭም ብዙ ዓይነት አለው። የቀለሙ ኮድ አብዛኛውን ጊዜ በሩ ሲከፈት በሚታየው ምሰሶ ላይ ወይም ሞተር ክፍሉ ውስጥ ካለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ቶዮታ ላይ 040 ካያችሁ ነጭ ነው፣ 1F7 ደግሞ ብርማ። ብርማ ቀለም እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ትንሽ ቦታ ብቻ ከተረጨ ልጥፍ ይመስላል። ለሱ ጎበዝ ቀለም ቀቢ ፈልጉ።

አሁን ወደ ብረቱ። ብረት የታየበትን ጭረት «ከክረምት በኋላ አስነካዋለሁ» ብሎ መተው አደገኛ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የደሴ ጣሪያ ደርቆ አያውቅም። ዝገቱ በቀለሙ ስር እየሄደ ያሳብጠዋል፤ ጣት የሚያህለው ጭረት መዳፍ ያህላል። በሌላ በኩል ዝናብ ባለበት ቀን ደጅ ማስረጨትም ሌላ ስህተት ነው። ቲነሩ ሲተን ላዩን ስለሚያቀዘቅዘው እርጥበቱ ቀለሙ ላይ ያርፍና ጉም የመሰለ ነጭ ነገር ይጥልበታል። መፍትሔው ዝገቱን አጽድቶ ፕራይመር መቀባት፣ ቀለሙን ደግሞ ደረቅ ቀን ወይም የተዘጋ ጋራዥ መጠበቅ ነው። በትንሽ ብሩሽ የምትሞሉ ከሆነ ስስ ስስ አድርጋችሁ፣ እያደረቃችሁ ደራርቡ። አንዴ በወፍራሙ የተቀባ ይንጠባጠባል።

ሁሉም ጣሪያ ብረት አይደለም። እንደ ኮርቬት ያሉ ስፖርት መኪኖች ተነቅሎ የሚወጣ ጣሪያ አላቸው፤ ብርሃን የሚያሳልፈው ዓይነት ፕላስቲክ ነው። እኛ ዘንድ እሱ ባይበዛም በመስኮት ላይ የሚለጠፈው የዝናብ መከላከያና የፊት መብራቱ ፕላስቲክ ናቸው። እነዚህ ላይ ቲነርም ቤንዚንም አታድርጉ፤ ይደበዝዛሉ፣ ይሰነጣጠቃሉ። ለፕላስቲክ የተሠራ ፖሊሽ ለብቻው አለ።

አዲስ የተረጨ ቀለም ላይ ሰም ለመቀባት አንድ ወር ገደማ ታገሡ። ውስጡ ገና እየደረቀ ነው። እስከዚያ አልጋም ሆነ የማሽላ ጆንያ ጣሪያው ላይ አይውጣ፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ፖርቶ መጋላ ሳታስገጥሙ አትጫኑ። ገመዱንም በፖርቶ መጋላው ብረት ላይ እሰሩት እንጂ በጣሪያው ላይ አትጎትቱት።