በብሪታንያ ካናል ላይ ጀልባ ተከራይቶ ሦስት ሌሊት ማደር፣ ለሐበሻ ቤተሰብ

ለንደንም በሉት በርሚንግሃም ወይ ሊድስ የምትኖሩ ወገኖች፣ እረፍት ሲባል ወይ አዲስ አበባ ወይ ዱባይ ነው የሚታየን፣ እዚሁ ከቤታችን የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ግን ወጥ ቤት፣ አልጋ፣ ሻወር ሁሉ ያለው ጀልባ ተከራይተን ራሳችን እየነዳን ሦስት ሌሊት ማደር እንደምንችል ብዙ ሰው አያውቅም። ላይሰንስ አያስፈልግም፣ ልምድም አይጠይቁም፣ ቁልፉን ሲያስረክቧችሁ አንድ ሰዓት ያህል ያሳዩዋችኋል በቃ። እኔ ከቤተሰቤ ጋር ደጋግሜ ሄጄበታለሁ፣ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ነው ዛሬ አንድ ላይ የምጽፈው። ሰዓቱን በኛ በሐበሻው አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ጀልባዋ ናሮውቦት ነው የምትባለው፣ ጠባብ ጀልባ እንደማለት፣ ወርዷ 2 ሜትር ትንሽ ይበልጣል ርዝመቷ ግን እስከ 20 ሜትር ምናምን ይደርሳል። ካናሎቹ ከዛሬ 200 ዓመት በፊት ለድንጋይ ከሰልና ለሸክላ ማመላለሻ የተቆፈሩ ናቸው፣ ያኔ ፈረስ ነበር ዳር ዳሩን እየሄደ በገመድ የሚጎትታቸው፣ ፈረሱ ይሄድበት የነበረው መንገድ ዛሬም አለ፣ ቶውፓዝ ይሉታል፣ ልጆች ከጀልባው እኩል በእግራቸው የሚሄዱበት እሱ ነው። አዎ እኩል፣ ምክንያቱም የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 4 ማይል ነው፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ 3 ከሄዳችሁ ጥሩ ሄዳችኋል።

ከምንም በፊት ማወቅ ያለባችሁ ይሄንን ነው። ሐበሻ ጉዞ ሲያቅድ ሩቅ ማየት ይፈልጋል፣ እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ካርታውን አይቼ 30 ማይል ምን አላት ብዬ ነበር፣ በሁለተኛው ቀን ልጆቹ ደክሟቸው እኔ እራት ሳልበላ እየመሸብን ማሰሪያ ቦታ ስፈልግ ነው የገባኝ። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ የማይሉንና የሎኩን ብዛት (ሎክ ጀልባውን ከፍ ወይ ዝቅ የሚያደርግ በር ያለው የውሃ ሳጥን ነው፣ ወደ ታች አስረዳለሁ) ደምሩትና ለ3 አካፍሉት፣ የሚመጣው ሰዓት ነው። 9 ማይልና 6 ሎክ ካለ 15 ሆነ፣ ለ3 ሲካፈል 5 ሰዓት። በቀን ከ4 ወይ ከ5 ሰዓት በላይ አትንዱ፣ በኪራይ ጀልባ በጨለማ መንዳት ደግሞ አይፈቀድም። የሄዳችሁበትን መንገድ ነው የምትመለሱት፣ ስለዚህ ግማሹ ላይ ስትደርሱ መዞር አለባችሁ፣ ይሄን ረጅም ጀልባ የትም ቦታ ማዞር አይቻልም፣ ካናሉ ሰፋ የሚልባቸው የተለዩ መዞሪያዎች አሉ፣ ሲከራዩ የሚሰጧችሁ ካርታ ላይ ምልክት አላቸው፣ ከመነሳታችሁ በፊት የትኛው ላይ እንደምትዞሩ በእስክሪብቶ ክበቡት።

የት ልሂድ ለሚለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ቦታ ነው የምመክረው። ለንደን ላላችሁ ባዝና ብራድፎርድ ኦን ኤቨን መሃል ያለው የኬኔትና ኤቨን ካናል ነው፣ ከፓዲንግተን በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ በሁለቱ ከተሞች መሃል ወደ 10 ማይል የሚሆን ሎክ የሌለበት ውሃ አለ፣ ሁለት ቦታ ላይ ጀልባችሁ በድንጋይ ድልድይ ላይ ወንዝ ትሻገራለች፣ ባዝ ስትደርሱ ወደ ወንዙ የሚወርዱት ሎኮች ጋ ሳትገቡ ከላይ እሰሩና ከተማውን በእግር ግቡ። በዚያው ካናል ላይ ዲቫይዚስ ጋ ኬን ሂል የሚባል 29 ሎክ የተደረደረበት ዳገት አለ፣ ፎቶው ያምራል ግን በሦስት ሌሊት ጉዞ አትንኩት።

ሁለተኛው ላንጎለን ነው፣ ሰሜን ዌልስ። ይሄኛውን ሳስበው ራሱ ደስ ይለኛል። ፖንትኪሲልቴ የሚባል የውሃ ድልድይ አለ፣ ቶማስ ቴልፎርድ የሠራው፣ በ1805 የተከፈተ፣ 307 ሜትር ርዝመት ያለው ከወንዙ 38 ሜትር ከፍ ብሎ በአየር ላይ የተዘረጋ የብረት ገንዳ በሉት፣ ዩኔስኮ በ2009 መዝግቦታል። በአንድ በኩል ቶውፓዙና አጥሩ አለ፣ በሌላው በኩል ግን ምንም የለም፣ ከውሃው ትንሽ ከፍ ያለ የብረት ጠርዝ ብቻ ነው፣ ከዚያ በታች ገደል። መንጃውን ዘንግ ይዛችሁ ወደዚያ ጎን ስታዩ በዛፎች አናት ላይ የምትበሩ ነው የሚመስላችሁ። ትንንሽ ልጆችን ግን ውስጥ አስገቡ ወይ እጃቸውን ያዙ፣ ይሄ ላይ ድርድር የለም። በተቃራኒ የሚመጣ ጀልባ ካለ ተራ ጠብቁ፣ ሁለት ጀልባ አያሳልፍም። ከድልድዩ አጠገብ ከትሬቨር እስከ ላንጎለን ከተማ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ሎክም የለውም፣ ውሃው ወደ እናንተ ስለሚፈስ ግን ስትሄዱ ከመመለሻው ይልቅ ትዘገያላችሁ፣ መጨረሻ አካባቢ በጣም የጠበበ ቦታ ስላለ አንድ ሰው ቀድሞ በእግሩ ሄዶ ከፊት ጀልባ እየመጣ አለመሆኑን ማየት አለበት።

ጊዜውን በተመለከተ ሲዝኑ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ነው፣ አጭሩ ጉዞ ከአርብ እስከ ሰኞ ሦስት ሌሊት ወይ ከሰኞ እስከ አርብ አራት ሌሊት ሆኖ ነው የሚሸጠው። ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ዋጋው ጣራ ይነካል። የኔ ምርጫ እንቁጣጣሽ ሰሞን ነው፣ የፈረንጅ ልጆች ትምህርት ቤት ተመልሰዋል፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ አየሩም ገና አልቀዘቀዘም፣ የኛ ልጆች ትምህርት ስላላቸው ከአርብ ከሰዓት ጀምሮ መሄድ ነው፣ ሰኞ ጠዋቷን ግን አስቀድማችሁ አስቡባት። ስትከራዩ ናፍጣው ዋጋው ውስጥ አለ ወይ፣ የጉዳት መያዣው ስንት ነው፣ ላይፍ ጃኬት በልጅ መጠን አለ ወይ፣ እነዚህን ሦስቱን ጠይቁ።

መንዳቱን እንመልከት። መሪ የለውም፣ ኋላ ቆማችሁ ቲለር የሚባል ዘንግ ነው የምትይዙት፣ ወደ ግራ ስትገፉት ጀልባው ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰዓት ያደናግራል ከዚያ እጃችሁ ይለምደዋል። ጀልባው እንደ መኪና ከፊት አይደለም የሚታጠፈው፣ ከመሃሉ ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ አፍንጫው ወደ ግራ ሲሄድ ኋላው ወደ ቀኝ ይወጣል። ብሬክ የለውም፣ ለማቆም ወደ ኋላ ማርሽ ማስገባት ነው፣ እሱም ቶሎ አይዝም፣ አስቀድማችሁ ቀንሱ። ደግሞ ጋዝ ካልሰጣችሁት አይታዘዝም፣ ፕሮፔለሩ ውሃ ሲገፋ ነው አቅጣጫ የሚይዘው። ከፊት ጀልባ ከመጣ በቀኝ ነው የሚያዘው፣ ከዚህ አገር መኪና ተቃራኒ ማለት ነው፣ አዲስ አበባ ላይ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ሰው ግን የለመደው ነው። ዳር የታሰሩ ጀልባዎችን ስታልፉ በጣም ዝግ በሉ፣ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ናቸው፣ ፈጥናችሁ ካለፋችሁ ማዕበላችሁ የሰው ሻይ ይደፋል።

ሎክ ማለት ሁለት ጫፉ ላይ በር ያለው የግንብ ሳጥን በሉት። ዳገት ሲሆን ከታች ትገባላችሁ፣ በሩን ትዘጋላችሁ፣ ከላይ ያለውን ፓድል (ውሃ የሚያሳልፍ ትንሽ መዝጊያ) በዊንድላስ (እንደ ጎማ መፍቻ ያለች የብረት እጀታ ናት) ታሽከረክሩና ውሃ ይገባል፣ ጀልባው ከፍ ይላል፣ እኩል ሲሆን የላይኛው በር በወገብ ሲገፋ ይከፈታል። ሲወርዱ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ። አንድ ሰው ጀልባ ላይ ሁለት ሰው ዳር ያስፈልጋል፣ ልጆችም በር መግፋት ይወዳሉ። ውሃውን ቀስ አድርጋችሁ ነው የምትለቁት፣ ዊንድላሱን ፓድሉ ላይ ሰክታችሁ እጃችሁን አትልቀቁ፣ ፓድሉ ከሾለከ ተሽከርክሮ ጥርስ ያራግፋል።

አደጋው ያለው ሲወረድ ነው። ከላይኛው በር ስር በውሃ የተሸፈነ የግንብ ደፍ አለ፣ «ሲል» ይሉታል፣ ግድግዳው ላይ በነጭ መስመር ይጠቁሟችኋል። ኋላችሁ ከዚያ መስመር ወደፊት ካልሆነ ውሃው ሲቀንስ የጀልባው ኋላ ደፉ ላይ ይቀራል፣ ፊቱ ግን ከውሃው ጋር ይወርዳል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል። ገመድም በፍጹም አስራችሁ አትውረዱ፣ ዳር ባለው ብረት ዙሪያ አንዴ አዙራችሁ በእጅ እየለቀቃችሁ ያዙት። እኛ አንዴ የፊቱ ገመድ ዳር ላይ ተጠምዶ ቀርቶ ውሃው ሲቀንስ ጀልባው ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ጀመረ፣ ባለቤቴ ውስጥ ነበረች፣ ሰሃኖቹ ሲንሸራተቱ ሰምታ ነው የጮኸችው፣ እኔ ሮጬ ፓድሉን ዘጋሁት፣ ውሃው ቆመ፣ ከዚያ ከላይ መልሰን ሞልተን ጀልባው ቀጥ ሲል ገመዱን ፈታን። ከዚያ ወዲህ ሎክ ውስጥ ማንም ስልክ አይነካም፣ ፓድሉ ጋ ያለው ሰው ዓይኑ ጀልባው ላይ ነው፣ የሆነ ነገር ከተበላሸ መጀመሪያ ፓድል መዝጋት ከዚያ ማሰብ።

ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ማርሹን ወዲያው ኒውትራል አድርጉት፣ ፕሮፔለሩ ነው የሚገድለው፣ ከዚያ ቁም በሉት፣ አብዛኛው ካናል ከወገብ ብዙም አያልፍም። ተከትላችሁ አትዝለሉ። ፕሮፔለሩ ላይ ላስቲክ ከተጠቀለለ ሞተር አጥፍታችሁ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪስ ውስጥ ከታችሁ ነው እጃችሁን የምታስገቡት። ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፣ የካናል ውሃ የአይጥ ሽንት አለበት፣ በሽታ ያመጣል።

አሁን ወደ ጓዳው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ የፀጉር ማድረቂያም እንደዚያው፣ መብራቱ ከባትሪ ነው፣ ባትሪው ደግሞ የሚሞላው ሞተሩ ሲሠራ ነው፣ ሞተር ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ማስነሳት የጎረቤት እንቅልፍ ስለሚረብሽ ክልክል ነው። እንጀራ ጋግራችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ፣ ሦስት ቀን በደንብ ይቆያል፣ ቁሌት ቤት ሠርታችሁ ብትወስዱ ጋዙ ላይ ሽሮውም ምስሩም በ20 ደቂቃ ይደርሳል። ፍሪጁ ትንሽ ስለሆነ ጥሬ ሥጋ አታብዙ፣ ለፍልሰታ የሄደ ሰው እንደውም ይቀለዋል።

ቡና! ጀበናውን ያዙ፣ የጋዝ ምድጃው ላይ ቆንጆ ይፈላል፣ ቡናውን ግን ቤት ቆልታችሁ ፈጭታችሁ ውሰዱ፣ እዚያ ከቆላችሁት የጭስ አላርሙ ሰፈሩን ያነቃል። ዕጣን በከሰል ግን ጀልባ ውስጥ በፍጹም፣ በፍጹም። ይሄን በጣም አጥብቄ ነው የምለው ምክንያቱም የኛ ሰው ቡና ያለ ዕጣን አይሆንለትም። ጀልባው የታሸገ የብረት ሳጥን ነው፣ የከሰል ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ ትቀራላችሁ። የጠፋ የመሰለ ፍም ራሱ አመዱ ውስጥ ሆኖ ያወጣል፣ ስለዚህ ማታ ብርድ ነው ብላችሁ የባርቤኪው ምድጃ ወደ ውስጥ እንዳታስገቡ። በሮቹ ስር ያለውን የአየር ማስገቢያ በጨርቅ አትድፈኑ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙን ስትረከቡ ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት። ዕጣን ከፈለጋችሁ ቶውፓዙ ላይ፣ ሳሩ እንዳይቃጠል ድንጋይ ላይ አድርጋችሁ። እኛ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብራድፎርድ አካባቢ ዛፍ ስር አስረን ቄጤማ የሚመስል ሳር ላይ ረከቦቱን ዘርግተን ስናፈላ ከኋላችን የታሰረ ጀልባ ላይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሽታው ጠርቷቸው መጡ፣ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ጠጥተው ሲያበቁ ካርታችንን አውጥተው የት ማደር እንዳለብን በጣታቸው አሳዩን፣ ከካርታው ላይ ፈልገን የማናገኘው ቦታ ነበር።

ስታስሩ በቶውፓዙ በኩል ነው፣ ሁለት ፒን በመዶሻ መሬት ላይ ትመታላችሁ፣ ፊትና ኋላ። ኩርባ ላይ፣ ሎክ አፍ ላይ፣ ውሃ መቅጃ ላይ አይታሰርም። የእንግዳ ማሰሪያ የሚል ታፔላ ካለ ስንት ሰዓት እንደሚፈቅድ አንብቡ፣ 48 ሰዓት የሚሉ ብዙ ናቸው። ውሃ በየቀኑ ሙሉ፣ ሴቶች ፀጉር ከታጠቡ ታንኩ ቶሎ ያልቃል፣ ሲሞላ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል ከምሳ ጋር አቀናጁት።

እሁድ ማታ ከመረከቢያው ቢበዛ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ላይ እደሩ፣ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አስረክቡ ነው የሚሏችሁ፣ ከዘገያችሁ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። እሁድ ማታውኑ ቆሻሻውን ሰብስቡ፣ አንሶላውን አውልቁ፣ የማያስፈልገውን አሽጉ። ጀበናውን በፎጣ ጠቅልላችሁ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ይዛችሁ ውረዱ፣ የኛ የመጀመሪያው ጀበና ሦስት ቀን ሙሉ ጀልባ ላይ ምንም ሳይሆን ቆይቶ አንገቱ የተሰበረው ሻንጣው ከጀልባ ወደ መሬት ሲወረወር ነው።